ቁልፉን ማውጣት ፊርማውን ማረጋገጥ አይደለም

ወዳጆቼ፣ በተለይ ኮድ እየጻፋችሁ የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ቴክኒካል ነገር ላወራ ነውና ታገሱኝ።

ኢሲዲኤስኤ የሚባለው በኤሊፕቲክ ከርቭ የሚሠራ ዲጂታል ፊርማ አንድ የሚገርም ጠባይ አለው። ፊርማው አር እና ኤስ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ነው። መልእክቱና ሁለቱ ቁጥሮች ካሏችሁ፣ የፈራሚውን ፐብሊክ ኪ ማንም ሳይነግራችሁ አስልታችሁ ታወጣላችሁ። አር ከርቩ ላይ ካለ አንድ ነጥብ የተወሰደ የኤክስ ዋጋ ነው። በዚያ ኤክስ ላይ ግን ሁለት ነጥቦች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የቱ እንደሆነ የምትነግራችሁ ቪ የምትባል ትንሽ ቁጥር ናት፤ በኢተሪየም የመልእክት ፊርማ 27 ወይም 28። ስለዚህ 65 ባይቱ ፊርማ ብቻውን ይበቃል፣ 64 ባይቱን ፐብሊክ ኪ አብሮ መላክ አያስፈልግም። ጥሩ ቁጠባ ነው፣ በዚህ ጸብ የለኝም።

ጸቤ ከምን ጋር መሰላችሁ? ኮዱ ቁልፍ ስላወጣ ብቻ «ፊርማው ልክ ነው» ብሎ ከማለፍ ጋር። መልእክቱን አንድ ፊደል ብትቀይሩበት ስሌቱ አይቆምም፤ ዝም ብሎ ሌላ ቁልፍ ያወጣላችኋል! በር ላይ ያለ ጥበቃ መታወቂያ ተቀብሎ ስሙን አነበበና «ይግቡ» አለ እንበል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ካላየ ምኑን ጠበቀ?

ስለዚህ፦

አንደኛ፣ የወጣውን አድራሻ ከምትጠብቁት አድራሻ ጋር አወዳድሩ።

ሁለተኛ፣ ሶሊዲቲ ላይ ኢሲሪከቨር ሲያቅተው አይጮህም፤ ዜሮ አድራሻ ይመልሳል። ኮንትራክቱ ላይ የባለቤቱ አድራሻ ገና ካልተሞላ እሱም ዜሮ ነው። ዜሮ ከዜሮ እኩል ነው፣ ሌባው ገባ ማለት ነው። ዜሮን ለይታችሁ መልሱ።

ሦስተኛ፣ ሀሹን ከመልእክቱ ራሳችሁ አስሉ። ሰው ያመጣላችሁን ሀሽ እንዳለ ከተቀበላችሁ፣ የግል ቁልፉን ሳያውቅ ለማንም ፐብሊክ ኪ የሚስማማ አር፣ ኤስ እና ሀሽ ፈብርኮ ሊመጣ ይችላል። የቢትኮይኑን የሳቶሺን ቁልፍ ጨምሮ! «ሳቶሺ እኔ ነኝ» ብሎ ፊርማ የሚያሳያችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ «መልእክቱ የታለ?» በሉት።

«ላይብረሪው ይሠራዋል እኮ» የምትሉኝ አትጠፉም። ላይብረሪው ስሌቱን ይሠራል። ማንን እየጠበቃችሁ እንደነበር ግን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ይሄን ማንም አይጽፍላችሁም።

ነገ ሥራ ስትገቡ ኮዳችሁን ክፈቱና ቁልፍ ከሚወጣበት መስመር ቀጥሎ ያለውን መስመር እዩ። ማወዳደሪያ ከሌለ ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት ጻፉት።