ሞተረኛው ወንድሜ፣ መነጽርህ ሲመሽም ያሳይሃል?

ዛሬ የማወራው ሞተር ሳይክል ለምትነዱ ነው፤ ከኋላ ለምትፈናጠጡትም ጭምር።

ባለፈው በጋ አንድ የዴሊቨሪ ሥራ የሚሠራ ወጣት ዓይኑ ቀልቶና አብጦ መጣ። ሸሚዙ ላይ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ሰክቷል። "መነጽር እያለህ እንዴት?" አልኩት። "ዶክተር፣ ሲመሽ እኮ አያሳይም። አውልቄው ነበር" አለኝ። ማታ እየነዳ የሆነ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ጓደኛው በመሀረብ ጫፍ ሊያወጣለት ታገለ፤ ከዚያ ሳይመረመር የገዛውን ጠብታ እያደረገ ሦስት ቀን ቆየ። እኔ ጋ ሲደርስ ኮርኒያው፣ ማለትም ከፊት ያለው ጥርት ያለው የዓይን ክፍል፣ ቆስሎ ነበር። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ዛሬም በዚያ ዓይኑ እንደ ድሮው አያይም።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይመስለኝም። እኛ ሐኪሞች "መነጽር አድርጉ" ብለን እናልፋለን። የትኛውን እንደሆነ አንናገርም። ሰው ደግሞ መነጽር ሲባል ቶሎ የሚታየው ጥቁሩ ነው።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ሞተረኛ መጀመሪያ መግዛት ያለበት ቀለም የሌለውን የሥራ መከላከያ መነጽር ነው። ግራይንደር የሚሠሩ ልጆች የሚያደርጉትን ማለቴ ነው። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ የሕንፃ ዕቃና የሥራ ደህንነት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ከፋሽኑ መነጽር ይረክሳል።

ለምን? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። ትንኝ እንኳ በዚያ ፍጥነት ዓይንን ስትመታ ቀላል አይደለችም፤ ጠጠርማ አይወራ! ይህ መነጽር ፖሊካርቦኔት ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሚሠራ እንደ መስታወት ተሰባብሮ ዓይን ውስጥ አይገባም። ደግሞም ቀለም ባይኖረውም አብዛኛውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያስቀራል። ጥቁር መሆን ብቻውን ግን ከጨረር አያድንም።

ስትገዙ እነዚህን እዩ፦

1. ከጎን ሸፍኖ ፊት ላይ ይቀመጥ። ንፋስና አቧራ የሚገባው በጎን ነው።
2. ሄልሜታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አድርጋችሁት ጆሮ ላይ የሚቆረቁር ከሆነ ነገ ታወልቁታላችሁ።
3. መነጽሩን ከፊታችሁ ራቅ አድርጋችሁ በውስጡ የበር ጠርዝ እዩ። ቀስ እያላችሁ ስታንቀሳቅሱት መስመሩ ከተጣመመ ተዉት።
4. "ዜድ 87" ወይም "ኢኤን 166" የሚሉ የጥራት ምልክቶች በላቲን ፊደል ተጽፈው ካሉ ጥሩ ነው። ምልክት ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ የተጭበረበረም አለና።

ሄልሜቱ መስታወት ያለው ከሆነ እሰየው! ግን ወደ ላይ ገፍታችሁት ከነዳችሁ ምን ዋጋ አለው? የእይታ መነጽር የምታደርጉም ከላዩ የሚደረብ ሰፊ የሥራ መነጽር አለላችሁ። አቧራ ሲይዘው ደግሞ በሸሚዝ አትጥረጉት፤ መጀመሪያ በውሃ አለቅልቁት። የተጫጫረ መነጽር ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ያጥበረብራል።

ሞተረኛ ለምትቀጥሩም አንድ ቃል አለኝ። ጃኬትና ሣጥን ከሰጣችሁ መነጽሩንም ጨምሩበት። በእናንተ ሥራ ላይ ነው ዓይኑን የሚያጋልጠው።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ከገባ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። አትሹት። በንጹህ ውሃ እጠቡት። ካልወጣ፣ ካመማችሁ ወይም እይታችሁ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። የተሰካ ነገር ካለ አትንኩት፣ አትጠቡትም፤ ሳትጫኑት ከልላችሁ ወዲያው ሂዱ። ሐኪም ሳያይ ጠብታ አትጀምሩ፤ አንዳንዱ ጠብታ ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል።

ያ ልጅ አሁን ነጩን መነጽር አድርጎ ነው የሚነዳው። "ዶክተር፣ ይሄን ያኔ ቢነግሩኝ" ያለኝ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ለእሱ ዘገየሁ፤ እናንተ ግን ለምታውቁት ሞተረኛ ዛሬውኑ ሼር አድርጉለት።