በሞዴል 19 የገባው ሮቦት

ሣጥኑ የመጣው ከጆሀንስበርግ ነው። መስከረም ላይ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር፣ ደቡብ አፍሪካ የከረመው ወንድማችን ሻንጣውን አስጨንቆ ሆሳዕና ይገባል፤ ለእናት ብርድ ልብስ፣ ለታናሽ ጫማ፣ ለሰፈሩ ጎረምሳ ስልክ ይዞ። አንዱ የኛ ሰው ግን ለተማረበት ትምህርት ቤት የሮቦት መገጣጠሚያ ኪት ይዞ መጣ (የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፤ የኪቱንም)። የፕላስቲክ ጡቦች፣ እርስ በርስ የሚናከሱ ጥርሳም ሽክርክሪቶች፣ ጥቂት ሞተሮች፣ ቀለም የሚለይ ሴንሰር፣ በመሃል ደግሞ ሁሉን የሚያዝ አንድ ነጭ አንጎል። የወጣበትን ገንዘብ በብር ስንመታው የአንድ መምህር የብዙ ወር ደመወዝ ሆነብን።

ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ ዕቃው ወደ ንብረት ክፍል ሄዶ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፤ «የሮቦት መጫወቻ፣ ብዛት 1፣ ቋሚ ንብረት»። የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ያደጋችሁ ወዳጆቻችን የዚህች ቅጽ ትርጉም አይጠፋችሁም። በሞዴል 19 የገባ ዕቃ ከጎደለ ከአንድ ሰው ደመወዝ ይቆረጣል። ስለዚህ አይነካም። ሮቦቱ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፣ ቁልፉ የንብረት ክፍል ኃላፊው ኪስ ገባ።

ከወራት በኋላ ሰውየው ከጆሀንስበርግ ደወለልን። «እናንተ የኮምፒውተር ነገር ታውቃላችሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን አሠሩበትና ዕቃው ደህና መሆን አለመሆኑን ንገሩኝ። ደህና ከሆነ ለዱራሜ አንድ፣ ለሺንሺቾ አንድ እንልካለን» አለ። ቃላችንን ጠብቀን አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ሞከርነው። መልሳችን አጭር ነው፦ አትላኩ።

በቅድሚያ ግን ዕቃውን እንዳንበድለው። ግሩም ነገር ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍን። ሴንሰሩ ወደ ታች ብርሃን ይለቅና የተመለሰለትን ይለካል፤ ከነጭ ብዙ ይመለሳል፣ ከጥቁር ጥቂት። ጥቁር ካየህ ወደ ቀኝ፣ ነጭ ካየህ ወደ ግራ ታጠፍ። በዚህች ትእዛዝ ብቻ ሮቦቱ የፕላስተሩን ጠርዝ እየተወላገደ ይከተላል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ትእዛዙን ገልብጦ ጻፈውና ሮቦቱ ከመስመሩ ሸሽቶ የወንበር እግር ገጨ። ማንም አልተቆጣውም፣ ማንም በቀይ እስክሪብቶ አላሰመረበትም። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አሰበ፣ ገለበጠው፣ ሄደለት። እኛ በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርታችን እንዲህ ዓይነት ስህተት ተፈቅዶልን አያውቅም። ስለ ዕቃው ሌላ ምስክርነት ባንሰጥ ይህችን እንሰጣለን።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ የንብረት ክፍል ኃላፊው ለቅሶ ሄደው ቁልፉ አልተገኘም። በሦስተኛው ታብሌቱ ላይ ያለው ፕሮግራም «ካላደሳችሁኝ አልሠራም» አለ፤ ማደሻው የሞባይል ካርዳችንን በልቶ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በስድስተኛው የአንዱ ሞተር ገመድ ከሥሩ ተበጠሰ። ይዘነው መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ሄድን። ይህ ሰው የሞተ የቻይና ስልክ በካውያ የሚያስነሳ ሰው ነው። ገመዱን አገላብጦ አየና «ይኼ መሰኪያ ከማንም ጋር አይገጥምም፤ የሠራው ሰው ሌላ እንዳይነካው ብሎ ነው የሠራው» አለን። እውነቱን ነው። መለዋወጫው የሚገኘው ከባሕር ማዶ፣ በዶላር፣ ያውም ከተገኘ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ «ይኼ ሮቦት እንሰት ይፍቃል?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ሳቅን፤ እስከ ዛሬ እናፍርበታለን። እናቷ እንሰቱን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፋ፣ በእግሯ ወጥራ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ቀኑን ሙሉ ስትፍቅ ነው የምትውለው። ልጅቷ ያየችውን ማሽን ከምታውቀው ድካም ጋር አገናኘች። ከዚህ የበለጠ የኢንጂነር ጥያቄ በዚያ ክፍል አልተጠየቀም። የተሰጣት መልስ «ይኼ ለትምህርት ነው እንጂ ለሥራ አይደለም» የሚል ነበር።

የዚህን ሁሉ ነገር አባት ስንፈልግ ደግሞ ሣጥኑ ከመጣበት አገር ደረስን (ዓመቶቹን በፈረንጅ እንቁጠር)። ሲይሞር ፓፐርት የተወለደው በ1928 ፕሪቶሪያ ነው። በወጣትነቱ አፓርታይድን ተቃወመ፣ ከአገሩ ወጣ፣ ጄኔቫ ከፒያዤ ጋር ሠራ፣ በኋላም አሜሪካ ኤምአይቲ ገባ። በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ፈጠረ፤ ቋንቋው ወለል ላይ የምትሄድ «ኤሊ» የተባለች ሮቦት ያዝዝ ነበር። በ1980 «ማይንድስቶርምስ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ሕፃን ሳለ የመኪና ጥርሳም ሽክርክሪት ፍቅር ይዞት እንደነበረና ሒሳብ የገባው በዚያ እንደሆነ እዚያ ይናገራል። ዋናው ክርክሩ፣ ኮምፒውተሩ ልጁን ማዘዙ ቀርቶ ልጁ ኮምፒውተሩን ይዘዝ የሚል ነው።

የዴንማርኩ ሌጎ በ1998 የመጀመሪያውን የሮቦት ኪት ሲያወጣ ስሙን ከዚህ መጽሐፍ ወሰደ። በ2006 ኤንኤክስቲ፣ በ2013 ኢቪ3፣ በ2020 ደግሞ 949 ቁራጭ ያለው የመጨረሻው ተከተለ፤ ዋጋው 360 ዶላር ገደማ። በ2022 መጨረሻ ማይንድስቶርምስ ተቋረጠ፤ ኩባንያው ለፕሮግራሙ ድጋፍ የገባው ቃል ቢያንስ እስከ 2024 መጨረሻ የሚል ነበር። ጡቡ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ የአንጎሉ ዕድሜ ግን ሩቅ አገር ያለ ኩባንያ የሚወስነው ነው። ኩባንያው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ንግድ ነው። ግን ሁለት ሱቅ አልፎ መለዋወጫ የሚገኝበት ከተማ ያለ ልጅ ይህን ውሳኔ ይችለዋል፤ የሺንሺቾ ልጅ አይችለውም። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ዘልሎ ከሄደ ወዲህ ደግሞ የባሰውን አይችለውም።

ከመካከላችን ትልልቆቹ የፕላዝማ ልጆች ነን። ከ2004 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርፆ በሳተላይት ይወርዳል፣ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ ጥያቄ ቢኖርህ አይቆምልህም። መምህሩ ከፍቶ መዝጋት ብቻ ቀረለት። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል፤ ስክሪኑ ሲበላሽም ከነብረት ሣጥኑ እዚያው ይሰቀላል። የዚያ ነገር ችግር ቴክኖሎጂ መሆኑ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ያለ አንድም ሰው ሊያስቆመው፣ ሊከፍተው፣ ሊጠግነው፣ ሊለውጠው አለመቻሉ ነበር። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ሮቦት ታናሽ ወንድሙ ነው።

«ታዲያ መጀመሪያ ወንበርና መጽሐፍ አይቀድምም ወይ? ለሆሳዕና ልጅ ሮቦት ምን ያደርግለታል?» የሚሉም አሉ፤ ከእነሱም ጋር አንስማማም። በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች በታሸገ ካርቶን ታብሌት ተሰጥቶ ነበር። የፕሮጀክቱ መሪ ኒኮላስ ነግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። በ2018 አዲስ አበባን የጎበኘችው ሮቦት ሶፊያ ከሶፍትዌሯ ከፊሉ የተሠራው እዚያው አዲስ አበባ፣ አይኮግ ላብስ ውስጥ በኛው ወጣቶች ነው። (በነገራችን ላይ ሶፊያም ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶባት ነበር። የመለዋወጫ ነገር እሷንም አልማራትም።) ልጁ አይችልም የሚለው ወሬ ይብቃ።

ደግሞም ሳንሸፋፍን የምንናገረው ነገር አለ። በእነዚህ ከተሞች የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ወንድ ልጅ ግማሽ ልቡ ሞያሌ ነው። ከዚያ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። በጥቅምት 2022 ማላዊ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ፣ የኢትዮጵያውያን እንደሆነ ተነገረ፤ በታኅሣሥ ሉሳካ አጠገብ መንገድ ዳር 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። በየቀበሌያችን የተተከለው ድንኳን ትዝ ይለናል። ሮቦት ስደትን ያስቀራል የሚል ካለ እኛ አይደለንም። ግን ከጆሀንስበርግ የመጣ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የማይነካ፣ ቢበላሽ እዚህ ሰው የማይጠግነው ዕቃ በመስታወት ውስጥ አስቀምጠን ልጁን በየቀኑ በፊቱ ስናሳልፈው ምን እያስተማርነው ነው? ጥሩ ነገር ሁሉ ወዲያ ማዶ ነው፣ አንተ እዚህ ቆመህ እይ ነው የምንለው። ያን ትምህርት ደግሞ ሳያስጠኑትም ያውቀዋል።

የሣጥኑ ገመድ ከተበጠሰ በኋላ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። በ2005 ጣሊያን ኢቭሬያ ከተማ የተፈጠረ አርዱዊኖ የሚባል ትንሽ ሰሌዳ አለ። ንድፉ ለማንም ክፍት ስለሆነ ኮፒው በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ከአዲስ አበባ አስመጣን። ዲናሞ ከሞተ የዲቪዲ ማጫወቻ አወጣን፣ ገላ ከካርቶን፣ ጎማ ከቆርኪ ተሠራ። የሽቦ መኪና ሠርቶ ያላደገ የኛ ልጅ የለምና በዚህ በኩል አስተማሪዎቹ እነሱ ሆኑ። ፕሮግራሙ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለትንንሾቹ ስክራች ጫንን፤ ትእዛዞቹን በአማርኛ የሚያሳይ፣ ያለ ኢንተርኔትም የሚሠራ ነው። (ቤታቸው ሀዲይሳና ከምባትሳ የሚናገሩ ልጆች ናቸው፤ አማርኛውም ቢሆን ለአንዳንዱ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑን እንዳንረሳ።)

ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሁለት ሰሌዳ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ተቃጠለ። ሽቦ እየወለቀ ያበሳጫል። ከአሥር ዓመት በታች ያሉት ቶሎ ሰለቻቸው፤ ለእነሱ ያ የፕላስቲክ ጡብ እጅግ ይሻላል፣ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሰሌዳው ሲቃጠል ማንም አላለቀሰም፣ ከማንም ደመወዝ አልተቆረጠም። ሬዲዮ ጠጋኙ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ እየመጣ ካውያ አያያዝ ማስተማር ጀመረ፤ «ሞባይል ጠጋኝ» ብለው ያልፉት የነበሩ ልጆች «ጋሼ» ይሉት ጀመር።

ያቺ ስለ እንሰት የጠየቀችው ልጅ ምን ሠራች መሰላችሁ? በሰፈራቸው ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው። እናቷ ቧንቧውን ከፍታ ትተኛና በየሰዓቱ እየተነሣች ሮቶው ሞላ አልሞላ ታያለች። ልጅቷ ሁለት ሽቦ ሮቶው አፍ ላይ አንጠለጠለች። ውሃው ደርሶ ሲነካቸው በመሃላቸው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሰሌዳው ያን ሲያይ ከተሰበረ መጫወቻ የወጣች ጩኸታም ነገር ያስጮሃል። ይኸው ነው። ሮቦት አይባልም፣ እግር የለው፣ ፎቶ ላይ አያምር። እናትየዋ ግን እንቅልፏን ትተኛለች። ልጅቷም የፓፐርትን መጽሐፍ ሳታነብ የፓፐርትን ነገር አደረገች።

እንግዲህ ወንድማችን፣ ለዱራሜና ለሺንሺቾ ልትልከው ባሰብከው ገንዘብ በአንዱ ኪት ዋጋ ብቻ ከሠላሳ የማያንስ የኮፒ ሰሌዳ፣ ሽቦና ካውያ ይገዛል። የቀረው ለየከተማው ጠጋኝ የቅዳሜ አበል ይሁን። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕናም ዱራሜም ግቢ አለው፤ የኤሌክትሪካል ተማሪዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ከካፌ ወጥተው ሁለት ሰዓት ቢሰጡ ከዲግሪያቸው አይጎድልም። ከሁሉ በላይ ግን ለየርዕሰ መምህሩ አንድ ነገር አስፈርምልን፦ ዕቃው በቋሚ ንብረትነት አይመዝገብ። አላቂ ዕቃ ተብሎ ይመዝገብ፣ ልክ እንደ ጠመኔ። ልጅ እጅ ላይ ይለቅ፣ ይሰበር፣ ይቃጠል፣ ዓመት ሲያልቅ ደብዛው ይጥፋ። ጠመኔ ሳይነካ ዓመቱን የከረመበት ክፍል ብናይ መምህሩ አላስተማረም እንል የለ?

የመጀመሪያው ሣጥን አሁንም መስታወቱ ውስጥ ነው፤ አንድ ሞተር ግን ይጎድለዋል። ገመዱ የተበጠሰውን ሞተር ጠጋኙ ከፈተው፤ ውስጡ ያለው ዲናሞ እንደ ማንኛውም ዲናሞ መሆኑን አየን፣ የራሳችንን ሽቦ በይደን ከአርዱዊኖው ጋር አገናኘነው። ልጆቹ አሁን ጣውላና የቀርከሃ መፋቂያ ገጥመውለታል። እንሰት ገና አይፍቅም። በድንች ሞከሩት፤ ድንቹን ወርውሮ መስኮት ሊሰብር ነበር። ባለፈው ሳምንት ከንብረት ክፍል «የጎደለው ሞተር በአስቸኳይ ተመላሽ እንዲሆን» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደርሶናል። መልስ አልጻፍንም፤ ልጆቹ ለቅዳሜ ሞተሩን ይፈልጉታል።