የቦንጋ መሐል ከተማ እድሳትና የነባር ነዋሪዎች ድርሻ

ቦንጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች ወዲህ የመሐል ከተማዋ ነባር ቤቶች ጉዳይ ትኩረት የሚሻ ሆኗል።

ዝናብ በማይለየው ካፋ የእንጨትና የጭቃ ቤት ያለ ጥገና አይዘልቅም። በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ግን በየከተማው በቀበሌ ሥር የዋሉት ቤቶች ኪራይ ለእድሳት አልበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ወጪ ለማውጣት አልደፈረም።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በበኩሉ ባለይዞታዎች አቅም እስካላቸው ድረስ ቦታቸውን በፕላኑ መሠረት ለማልማት የቅድሚያ መብት ሰጥቷል። ይህ መብት ብድርና በቂ ጊዜ ካልታከለበት ከወረቀት አያልፍም፤ የቀበሌ ቤት ተከራዩን ደግሞ አይመለከትም።

ስለሆነም ከማፍረስ በፊት ነዋሪውን ማወያየት፣ ባለይዞታዎችን ማደራጀትና ለተከራዮች ምትክ ቤት ማዘጋጀት ይገባል።