የእንጨት አምራቹ ማኅበር

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተተከለ ወዲህ፣ በደጋው ምድራችን ዛፍ ተክሎ መሸጥ እንደ ገብስና እንደ ስንዴ የገበሬው እርሻ አካል ሆኖ ሳለ፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሕዝብ ፊት ስሙ የሚጠራ ባለሙያ ለመሆን አልበቃም። ቤታችንን ያቆመው ቋሚና ማገር፣ ፎቅ ሲሠራ የምናየው የአጣና ርብራብ፣ በምድጃችን የሚነደው ከሰል ሁሉ ከእርሱ እጅ የወጣ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ዛፉን በቁሙ በሚገዛው ነጋዴና በመካከል በሚገባው ደላላ ፊት ብቻውን ቆሞ፣ የእንጨቱን መጠን በሌላ ሰው ግምት፣ ዋጋውንም ከሌላ ሰው አፍ እየሰማ ይኖራል። ስለዚህ ለዚህ ሰው ከሚደረግለት ርዳታ ሁሉ የሚቀድመው የራሱ ማኅበር ነው እላለሁ፤ ችግኙም፣ ብድሩም፣ ምክሩም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የነገሩን ክብደት ለሚመረምር ሰው በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ሁነኛ ምስክር ነው። አፈሩ ታጥቦና አሲዳማ ሆኖ እህል አልሰጥ ባለበት በዚያ ደጋ አገር፣ ገበሬዎቹ ማንም ሳያስገድዳቸው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ወገን በማሳቸው ተከሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ እየዘሩ፣ በተከታዩ ሣሩን ለከብት እያጨዱ፣ በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ዛፉን ቆርጠው ካከሰሉ በኋላ መሬቱን መልሰው ያርሱታል። በዚህ ሥርዐት የተራቆተው ኮረብታ ልምላሜ ለበሰ፣ መሬት የሌለው ወጣት በቆራጭነትና በከሰል አክሳይነት እንጀራ አገኘ፣ ከሰሉም በጆንያ እየተሞላ እስከ አዲስ አበባ ተጫነ። ሊቃውንተ ግብርና በብዙ ወጪ ሊያደርጉት የሚመኙትን ነገር ገበሬው በገዛ ጥበቡ አደረገው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ዳሩ ግን በቅርብ ዓመታት የዋግ ወገን የሆነ በሽታ በዲከረንሱ ላይ ወርዶ ቅጠሉን ባጠወለገው ጊዜ፣ የዚህ ሁሉ ልማት መሠረት ምን ያህል ስስ እንደ ነበረ ተገለጠ። ያልደረሰውን ዛፍ ልቁረጠው ወይስ ልጠብቀው፣ በምትኩስ ምን ልትከል፣ ዘሩንስ ከወዴት ላምጣ የሚለውን ጥያቄ እያንዳንዱ አባወራ በየጓሮው ብቻውን የሚመልሰው ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን ወደ ገበያ ይሮጣል፤ የሚጠቀመውም ገዢው ብቻ ነው። ጽኑዕ ማኅበር ቢኖር በሽታው በአንዱ ቀበሌ እንደ ታየ ለሌላው ያስጠነቅቅ፣ ናሙናውን ወደ ተመራማሪዎች ይልክ፣ የቆረጣውን ተራ ይደለድል፣ አገሩም በአንድ ዐይነት ዛፍ ላይ ብቻ እንዳይደገፍ አስቀድሞ ይመክር ነበር።

ይህ የምኞት ወሬ እንዳይመስል የስዊድንን ነገር አነሣለሁ። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ በ1978 እ.ኤ.አ. በስዊድን ርዳታ የተመሠረተ በመሆኑ የደን ባለሙያዎቻችን የዛፍን ሳይንስ ከዚያች አገር ተምረዋል፤ የባለደኖቿን የማኅበር ሥርዐት ግን ከሳይንሱ ጋራ አላመጣነውም። በደቡብ ስዊድን ትንንሽ ደን ያላቸው ገበሬዎች በትልልቅ ገዢዎች ፊት ተበታትነው ዋጋ ሲያጡ ኖረው በ1938 እ.ኤ.አ. ሶድራ የሚባለውን ማኅበር አቆሙ፤ ዛሬ አባላቱ ከ50,000 በላይ ሲሆኑ፣ ማኅበሩ የራሱ የእንጨት መሰንጠቂያና የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካዎች አሉት። በ1997 ዓ.ም. በእኛ የልደት በዓል ማግሥት ጉድሩን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአንድ ሌሊት 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት፣ ማለት አገሪቱ በዓመት ከምትቆርጠው ጠቅላላ መጠን ጋራ የሚቀራረብ ደን በገነደሰ ጊዜ፣ ሶድራ የአባላቱን የወደቀ እንጨት የማንሣቱን ኃላፊነት ወሰደ፤ ነቀዝና ሻጋታ እንዳያጠፋው ግንዱ በየስፍራው ተከምሮ ውሃ እየተረጨበት ቆየ። ደኑ የወደቀበት ገበሬ በዚያ መዓት መካከል የሚናገርለት አካል ነበረው።

ከመዓቱ ቀን ይልቅ ግን የማኅበር ጥቅም በዘወትሩ ሥራ ይታያል። ከሁሉ አስቀድሞ መለኪያ ነው። ዛፉን በቁሙ የሚሸጥ ገበሬ ከማሳው ስንት አጣና፣ ስንት ማገር፣ ስንት ለጣውላ የሚበቃ ግንድ እንደሚወጣ ሳያውቅ በጅምላ ይዋዋላል፤ ገዢው ግን በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነውና ዐይኑ አይስትም። ማኅበር አንድ የሠለጠነ ቈጣሪ ቢቀጥርና የየከተማውን ዋጋ ለአባላቱ ቢያሰማ፣ የዚህ ውል ሚዛን ወዲያው ይለወጣል። ከኬላ እስከ ኬላ የሚጠየቀውን የመጫኛ ፈቃድ ጉዳይም አንድ ገበሬ በየቢሮው ደጅ እየጠና ከሚፈጽመው ይልቅ ማኅበሩ በአንድ መዝገብ ቢፈጽመው፣ መንግሥትም ሕጋዊውን እንጨት ከተሰረቀው ለመለየት ይቀለዋል።

የቆራጩ ሕይወትስ? ዛፍ መጣል በዓለም ሁሉ ከከባዱና ሰው ከሚገድለው ሥራ የሚቈጠር ነው። በአሜሪካ በሜይን ክፍለ ግዛት ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያገኘ ቆራጭ በሚሰማራበት ሥራ የጉዳት ኢንሹራንስ ክፍያው እንዲቀንስ ተደርጓል፤ በእኛ አገር ግን ማኅበር ስለሌለው እግሩን ግንድ የሰበረው ወጣት ወደ ቤተ ዘመዱ ከመመለስ በቀር የሚጠጋበት የለውም።

ማኅበር ቢበረታ ደኑን ጨርሶ ይቆርጠዋል ብለው የሚሠጉ ሰዎች አሉ፤ ሥጋታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የተፈጸመው ነገር ወደ ሌላ ያመለክታል። በባሌ ተራሮች አጠገብ በአዳባና በዶዶላ «ዋጂብ» የተባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት፣ በጊንጪ አጠገብም የጭሊሞ ደን ማኅበራት፣ ጥበቃውንና ጥቅሙን አንድ ላይ ተረክበዋል፤ በዋጂብ የአንዱ ማኅበር አባላት ከ30 አባወራ እንዳይበልጡ መወሰኑም የደኑን ዐቅም አስቦ የተሠራ ሥራ ነው። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን ጋራ የማኅበር ደንን ስለሚያውቅ፣ በሕግ በኩል በሩ ክፍት ነው።

የቀረው ችግር የመታመን ችግር ነው። በደርግ ዘመን ገበሬው በግዴታ ወደ አምራቾች ማኅበር የገባበት፣ ቅይጥ ኢኮኖሚ በ1982 ዓ.ም. ሲታወጅ ደግሞ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት የፈረሱበት ትዝታ ገና አልጠፋም፤ በውጭ ርዳታ ተቋቁሞ ርዳታው ሲያልቅ የሚዘጋ ማኅበርም ይህን ጥርጣሬ ያባብሳል። ስለዚህ የእንጨት አምራቹ ማኅበር ከላይ በደብዳቤ የሚታዘዝ ሳይሆን፣ ገበሬው ዕድሩን እንደሚያስተዳድር ዳኛውን ራሱ የሚመርጠው፣ ገንዘቡም ከእያንዳንዱ ጭነት ከምትቀነስ ጥቂት መዋጮ የሚመጣና ሒሳቡ በአባላት ፊት የሚነበብ መሆን ይገባዋል። በአባልነቱም ባለ ማሳው ብቻ ሳይሆን፣ መሬት ሳይኖረው በመጥረቢያውና በመጋዙ የሚያድረው ቆራጭ፣ ሌሊቱን በጢስ ውስጥ ሲጠብቅ የሚያነጋው ከሰል አክሳይም በእኩል ድምፅ መግባት አለባቸው፤ በመጀመሪያው መተዳደሪያ ደንብ ላይ ይህ ካልተጻፈ በኋላ የሚጽፍላቸው አይገኝም።