ማዕቀብና ጎረቤት

በየቀበሌውና በየፋብሪካው ውይይት የኢኮኖሚ ማዕቀብን የምዕራባውያን ኃያላን ብቸኛ መሣሪያ አድርጎ የመመልከት ዝንባሌ ይታያል። ይህ አመለካከት የራሳችንን የቅርብ ታሪክ ይዘላል። ኤርትራ በኅዳር 1990 ዓ.ም. ናቅፋን ስታወጣ፣ ኢትዮጵያ የሁለቱ አገሮች ንግድ በውጭ ምንዛሪና በሌተር ኦፍ ክሬዲት እንዲካሄድ ወሰነች። በግንቦት ጦርነቱ ሲፈነዳ ደግሞ ድንበሩ ተዘጋ፤ የአሰብ ወደብም ለጭነታችን ቀረ። ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለው በዛላምበሳና በሁመራ ሲገበያይ የኖረው ሕዝብ ነው።

በ2001 ዓ.ም. በኤርትራ ላይ ማዕቀብ እንዲጣል የጠየቁት ኢጋድና የአፍሪካ ኅብረት ነበሩ። የጸጥታው ምክር ቤት ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ፣ የጉዞና የሀብት እገዳ ጣለ። ሊቢያ ተቃወመች፤ ቻይና ድምፀ ተአቅቦ አደረገች።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ማዕቀቡ እንዲነሣ የጠየቀችው ያችው ኢትዮጵያ ናት! ጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች በጎንደርና በጣና ዳሯ ባሕር ዳር መምከር ጀመሩ፤ ኅዳር 5 ቀን ምክር ቤቱ ማዕቀቡን አነሣ። የባሕር ዳሩ ምክክር ብቻውን አነሣው አንልም፤ የጎረቤት ፊት መመለስ ግን መነሣቱን እንዳፋጠነው እናምናለን። ይሁን እንጂ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተከፈተው የዛላምበሳ ኬላ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ተዘጋ።