ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ነገር

ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ለሕዝቡ ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር፥ ቀላሉን ነገር ሌሎች ዳኞች እንዲያዩት፥ ከባዱ ብቻ ወደ እርሱ እንዲቀርብ እንደ መከረው በኦሪት ዘጸአት ተጽፎ እናገኛለን። ዛሬም ፍርድ ቤቶች በየደረጃው የተከፈሉት በዚሁ ሐሳብ ነው። በሀገራችን በ1934 ዓ.ም. ስለ ዳኝነት አስተዳደር የወጣው አዋጅ ከፍተኛ ፍርድ ቤትን አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ ሕጉ ደጋግሞ ቢለወጥም ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

ወደዚህ ፍርድ ቤት ነገር የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዱ በቀጥታ ይጀመርበታል፤ አንዳንዱ ግን በበታች ፍርድ ቤት ከተፈረደ በኋላ ቅር የተሰኘው ወገን በይግባኝ ያቀርበዋል። ነገሩም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ፍትሐ ብሔርና ወንጀል።

ፍትሐ ብሔር ሰው ከሰው ጋር ስለ ውል፥ ስለ ዕዳ፥ ስለ ውርስ፥ ስለ ጋብቻና ስለ ፍቺ የሚከራከርበት ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 መሠረት፥ ግምቱ ከ10 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ክርክር በፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይጀመራል፤ ቀድሞ በ1988 ዓ.ም. አዋጅ ወሰኑ 500,000 ብር ነበር። በውጭ ሀገር የተሰጠ ፍርድ በሀገራችን እንዲፈጸም የሚፈልግ ሰውም አቤቱታውን ለዚሁ ፍርድ ቤት ያቀርባል። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነውና ቀኑን መዘንጋት መብትን ያሳጣል። ክልሎችም የየራሳቸው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሏቸው፤ ሥልጣኑንም በየሕጋቸው ይወስናሉ።

በወንጀል ግን ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ የተበደለው አንድ ሰው ቢሆንም ነገሩ የሕዝብ ነገር ሆኗልና። የደርግ ባለ ሥልጣኖች በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች ናቸው ተብሎ በ1999 ዓ.ም. የተፈረደባቸው በፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለአባወራውና ለእማወራዋ ምን ይጠቅማል? እኅትና ወንድም ስለ አባታቸው ቤት ቢካሰሱ፥ ክርክሩ በይግባኝ ላይ እንኳ ሳለ ታርቀው ሊዘጉት ይችላሉ፤ ሕጉም ይፈቅድላቸዋል። የንስሐ አባትና ሽማግሌ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ልጅ ስትጠለፍ ግን፥ ሚስት ተደብድባ አካሏ ሲጎድል ግን፥ ሽማግሌ ነገሩን ሊቀብረው አይገባም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በፈቃዷ ካገባት ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን ይህን በር ዘግቶታል፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፥ ኋላ የሚደረግ ጋብቻም ጠላፊውን ከክስ አያድነውም።

እንግዲህ በገንዘብና በድንበር የተጣላን ሁሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሳንደርስ እንታረቅ። የታናሺቱን ልጅ እንባ ግን በዕርቅ ስም አንሸፍን፤ ደም ያለበትን ነገር ለዳኛ መስጠት ቤትን ማፍረስ አይደለም። ዕርቅ ይቅርታን ያመጣል፤ ለተበደለው የሚገባውን ፍርድ ግን አይተካም።