ስልክን ከእጅ ማስጣል ብቻውን ከአደጋ አያድንም

አሽከርካሪዎች ስልክ በእጃቸው ይዘው እንዳይነጋገሩ የሚከለክሉ ሕጎች በበርካታ አገሮች ሥራ ላይ ውለዋል። ይሁንና በአሜሪካ የተካሄዱ ጥናቶች ችግሩ እጅን ነፃ በማድረግ ብቻ እንደማይወገድ አመልክተዋል።

የአእምሮን ጫና ለመለካት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ በየ3 እስከ 5 ሰከንዱ በአሽከርካሪው ዓይን አጠገብ ትንሽ መብራት ማብራት ነው። አሽከርካሪው መብራቱን እንዳየ በጣቱ ላይ የታሰረለትን ቁልፍ ይጫናል። ምላሹ ከዘገየ ወይም ከቀረ አእምሮው በሌላ ጉዳይ መያዙን ያሳያል። ዘዴው እ.ኤ.አ በ2016 ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል።

የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2013 ይፋ ባደረጉት ጥናት ጫናውን ከ1 እስከ 5 በሚደርስ መለኪያ አስቀምጠዋል። ሬዲዮ ማዳመጥ 1.21፣ ስልክ በእጅ ይዞ መነጋገር 2.45፣ በእጅ ሳይዙ መነጋገር ደግሞ 2.27 አስመዝግበዋል። እጅን ጨርሶ የማይጠይቀው በድምፅ መልእክት የመጻፍ ተግባር ግን 3.06 ደርሷል።

የዓይን ጫና የሚለካው እይታ ከመንገድ ላይ የሚነሳበትን ጊዜ በመቁጠር ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው አስገዳጅ ያልሆነ መመሪያ፣ በመኪና ውስጥ መሣሪያዎች ላይ የሚያርፍ አንድ እይታ ከ2 ሰከንድ፣ አንድን ተግባር ለመፈጸም የሚያስፈልገው ድምር ደግሞ ከ12 ሰከንድ እንዳይበልጥ መክሯል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ2 ሰከንድ ብቻ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል።

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» እንዲሉ፣ እጅን ብቻ የሚቆጣጠር ሕግ ሌላውን የአደጋ መንስኤ ሳይነካ ያልፋል። ትራፊክ ፖሊስ የአሽከርካሪውን ሐሳብ ሊያይ ስለማይችልም ኃላፊነቱ በመኪና አምራቾችና በራሱ በአሽከርካሪው ላይ ይወድቃል።